ንግሥቷን የሰጠው የ13 ዓመት ልጅ፦ አንድ የቼዝ ጨዋታ በአማርኛ እናጥና

ቤት ውስጥ ከልጆቻችን ጋር የምንነጋገረውን አማርኛ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ ስሙት። “ና ብላ”፣ “ጫማሽን አውልቂ”፣ “ስልኩን አስቀምጥ”፣ “ተኙ”። አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ልጁም “እሺ” ወይ “ቆይ” ብሎ ይጨርሳል። ነገሩ ከዚያ ከፍ ሲል፣ “ለምን?” እና “እንዲህ ቢሆንስ?” ሲመጣ፣ ወሬው ሳይታወቀን ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ጀርመንኛ ወይም ወደ ዓረብኛ ይሻገራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አማርኛ የመታዘዣ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል፤ ማሰቢያው ሌላ ይሆናል።

ለዚህ መላ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ቼዝ ነው። መጫወቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሌሎች የተጫወቱትን አንድ ጥሩ ጨዋታ ሰሌዳው ላይ እየደገሙ፣ “እዚህ ጋ ለምን እንዲህ አደረገ?” እያሉ ማጥናቱን ነው። ቼዝ የሚያውቁ ሰዎች የሚማሩት በዚህ መንገድ ነው። አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰሌዳ፣ ብዙ “ለምን”። ያ ሁሉ “ለምን” በአማርኛ ቢሆንስ?

ለመጀመሪያ የመረጥነው ጨዋታ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ቃል በቃል።

ልጁ ማን ነበር?

ቦቢ ፊሸር የተወለደው በማርች 1943 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሲሆን ያደገው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ነው። እናቱ ሬጂና እሱንና ታላቅ እህቱን ጆአንን ያሳደገቻቸው ብቻዋን ነው። ቦቢ 6 ዓመቱ ላይ እህቱ ከከረሜላ ሱቅ አንድ የቼዝ መጫወቻ ገዝታ መጣች፤ ሁለቱም ከመመሪያው ወረቀት እያነበቡ ተማሩ። እሷን ቶሎ ሰለቻት፣ እሱ ግን ያዘው።

ልጁ የሚጫወትበት እኩያ አጣ። እናትየው በ1950 መጨረሻ ለብሩክሊን ጋዜጣ ጻፈች፤ ከልጄ ጋር ቼዝ የሚጫወቱ ልጆች ይገኙ ይሆን ብላ። ከዚያ ነው መንገዱ የተከፈተው። በጃንዋሪ 1951 ማክስ ፔቪ የተባለ ጠንካራ ተጫዋች ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ በሚጫወትበት ዝግጅት ላይ ተቀምጦ ተጫወተ፤ በሩብ ሰዓት ገደማ ተሸነፈና አለቀሰ። ሲመለከተው የነበረው ካርሚን ኒግሮ ግን ወደ ብሩክሊን ቼዝ ክለብ ወሰደውና የመጀመሪያ አስተማሪው ሆነ። ልጇን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛ ወደ ትምህርት ቤታችን የምትመጣ እናት ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ልጅ የሚወደውን ነገር ብቻውን ሊይዘው አይችልም፤ ጓደኛ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ቀኑ ኦክቶበር 17 ቀን 1956 (በእኛ ጥቅምት 7 ቀን 1949 ዓ.ም.)፣ ቦታው ኒው ዮርክ የሚገኘው ማርሻል ቼዝ ክለብ፣ ውድድሩ የሮዘንዋልድ መታሰቢያ። ቦቢ 13 ዓመቱ ነው። ተጋጣሚው ዶናልድ በርን 26 ዓመቱ፣ በ1953 የአሜሪካን ክፍት ውድድር ያሸነፈና በአገሩ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ነጩን የያዘው በርን፣ ጥቁሩን ቦቢ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሃንስ ክሞክ የተባለው የቼዝ ጸሐፊ “የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ” ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ቀረ።

ሰሌዳውን በፊደላችን

ቼዝ ሲጻፍ እያንዳንዱ ዓምድ ፊደል፣ እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። በውጭው አጻጻፍ ዓምዶቹ ከኤ እስከ ኤች ናቸው። ስምንት ዓምድ ነው፤ የእኛም ፊደል ገበታ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ይሰጠናል። ከነጩ ተጫዋች ግራ እጅ ጀምራችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ በሉ። መስመሮቹ ከነጩ በኩል 1፣ 2፣ 3 እያሉ እስከ 8 ይወጣሉ።

“ሀ እና ሐ፣ ሠ እና ሰ ድምፃቸው አንድ ነው፤ እንዴት ይለያል?” የሚል ልጅ አይጠፋም። መልሱን አያቶቻችን ጨርሰውታል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አሁን ሰሌዳውን ተመልከቱ። አምስተኛው ዓምድ ንጉሡ ሠ ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ነገሥታት የሚቆሙት እዚያው ዓምድ ላይ ነው! እንዲያው የተገጣጠመ ነገር ነው፤ ልጅ ግን አይረሳውም። ንጉሥ የሚለው ቃል በየትኛው ሠ እንደሚጻፍም ሳናስተምረው ያውቀዋል።

ጠጠሮቹን ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ (ቢሾፕ የምትሉም ትኖራላችሁ)፣ ፈረስና ወታደር እንላቸዋለን።

አጀማመሩ፦ መሐሉን የሚይዘው ማን ነው?

በቼዝ የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ገደማ የራሳቸው ስምና ታሪክ አላቸው። በዚህ ጨዋታ ቦቢ የተጠቀመበት አጀማመር የግሩንፌልድ መከላከያ ይባላል። ስሙ የመጣው በ1922 ይህን መንገድ ካስተዋወቀው ከኦስትሪያዊው ኤርንስት ግሩንፌልድ ነው።

ሐሳቡን ለልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። የሰሌዳው እምብርት መ4፣ ሠ4፣ መ5 እና ሠ5 ናቸው። የጥንቱ ምክር “በወታደር ቶሎ ያዘው” ነው። ግሩንፌልድ ግን “ይያዘው፤ ከያዘ በኋላ መጠበቅ አለበት፤ እኔ ደግሞ ከጎንና ከሩቅ እመታዋለሁ” ይላል። ሰፊ መሬት የያዘ ሁሉ ሰፊ አጥር መጠበቅ አለበት እንደማለት ነው። ለዚህ ነው ቦቢ ጳጳሱን ሰ7 ላይ አስቀምጦ በረጅሙ ሰያፍ ወደ መሐል እንዲያነጣጥር ያደረገው። በ4ኛው እርምጃ ንጉሡን ወደ ጥግ አስገብቶ በግንብ ጋረደው (ካስሊንግ ይባላል)፤ በ5ኛው ወታደሩን መ5 ላይ አምጥቶ መሐሉን ነካው።

በርን መሐሉን ያዘ፤ ወታደሮቹ መ4 እና ሠ4 ላይ አማረባቸው። ግን ልጃችሁን ይህን ጠይቁት፦ “ከመጀመሪያዎቹ 12 እርምጃዎች ነጩ ንግሥቷን ስንት ጊዜ አንቀሳቀሳት?” መልሱ አራት ጊዜ ነው፤ ለ3፣ ሐ4፣ ሐ5፣ ሀ3። በዚያ ሁሉ ጊዜ ንጉሡ ከሠ1 አልተነሳም፤ ከጎኑ ያሉት የረ1 ጳጳስና የሸ1 ግንብም ከቦታቸው አልወጡም። ንግሥቷ ስትዞር ቤቱ ሳይሠራ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

11ኛውና 17ኛው እርምጃ

በ11ኛው እርምጃ በርን ጳጳሱን ከረ4 ወደ ሰ5 ወሰደ። አንድ ጊዜ የወጣ ጠጠር ሌላ ጠጠር ሳይወጣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። እዚህ ጋ ሰሌዳውን አቁሙና ልጁ ይገምት። ቦቢ ፈረሱን ከለ6 አንስቶ ጠርዝ ላይ፣ ሀ4 ላይ፣ ሊበላ በሚችልበት ቦታ አስቀመጠው!

“ለምን አይበላውም?” ሐ3 ላይ ያለው ነጭ ፈረስ ቢበላው ሠ4 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ ያጣል። ሌላኛው ጥቁር ፈረስ ያን ወታደር ይበላና በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስፈራራል፤ ሐ5 ላይ ያለችውን ንግሥትና ሰ5 ላይ ያለውን ጳጳስ። በርን ይህን አይቶ አልበላም፤ ንግሥቷን ወደ ሀ3 አሸሸ። ሆኖም የሠ4 ወታደር ከሁለት እርምጃ በኋላ ተበላ፤ የሠ ዓምድም ተከፈተ። በዚያ ዓምድ ጫፍ ላይ ያለው ማን ነው? ቤቱን ያልሠራው ንጉሥ።

በ16ኛው እርምጃ በርን ጳጳሱን ሐ5 ላይ አድርጎ የቦቢን ንግሥት ያዘበት። ቦቢ መጀመሪያ በግንቡ ሠ8 ላይ ቼክ አለው፤ ንጉሡ ወደ ረ1 ሸሸ። አሁን ማንም ሰው ንግሥቱን ያሸሻል። ልጁ ግን ጳጳሱን ወደ ሠ6 መለሰና ንግሥቷን እዚያው ተዋት። ጨዋታውን ታላቅ ያሰኘው ይህ እርምጃ ነው።

ሁለቱንም መንገድ ሰሌዳው ላይ ሞክሩት። ነጩ ንግሥቷን ትቶ ሠ6 ላይ ያለውን ጳጳስ ቢበላ፣ የጥቁሩ ንግሥት ለ5 ላይ ሄዳ ቼክ ትላለች፤ ፈረሱ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ንግሥቷ ራሷን ረ1 ላይ ትሰጣለች፤ ግንቡ ሲበላት ንጉሡ በራሱ ሰዎች ተከቦ፣ መተንፈሻ አጥቶ፣ በአንድ ፈረስ ማት ይሆናል። ስለዚህ በርን ንግሥቷን በላ። ያኔ የቦቢ ጳጳስ ሐ4 ላይ በልቶ ቼክ አለ፤ ከዚያ ፈረሱ ወጣ ገባ እያለ አራት ጊዜ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። በየመሐሉ የሚበላውን በላ። ሒሳቡ ሲዘጋ በአንዲት ንግሥት ፋንታ አንድ ግንብ፣ ሁለት ጳጳስና አንድ ወታደር አገኘ። ከሁሉ በላይ ግን ጠጠሮቹ ሁሉ ተባብረው ይሠሩ ነበር፤ የነጩ ንግሥት ደግሞ ብቻዋን ርቃ ቀረች። ከ35ኛው እርምጃ ጀምሮ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ንጉሡን አሳደደውና በ41ኛው ማት አደረገው። በርን እጁን ሰጥቶ አልተነሳም፤ ልጁ እስከ መጨረሻው እንዲጫወተው ተቀመጠለት። ትልቅ ሰው ለልጅ የሚሰጠው ክብር እንዲህም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ለልጆቹ አትደብቁ፦ ያን ውድድር ያሸነፈው ሳሙኤል ሬሼቭስኪ እንጂ ቦቢ አልነበረም። ቦቢ ከመካከል በታች ነው የጨረሰው። የክፍለ ዘመኑን ጨዋታ የተጫወተ ልጅ በዚያው ውድድር ደጋግሞ ተሸንፏል።

ፈርዝና ፊል

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ቋንቋ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ጥሩ የቼዝ ጽሑፍ ከየትም ይልቅ የሚወጣው በሶቪየት ኅብረት፣ በሩሲያኛ ነበር። እናቱ በ1930ዎቹ ሞስኮ ሕክምና ስለተማረች ሩሲያኛ ታውቃለች። ቦቢም የቼዝ መጽሔቶቹን ለማንበብ የሚበቃውን ያህል ሩሲያኛ ተማረ። ያነሳሳው ፈተና ወይም ውጤት አይደለም፤ የሚፈልገው ነገር በዚያ ቋንቋ ስለነበረ ነው። የብሩክሊን ልጅ እንዲህ ካደረገ፣ የእኛም ልጆች አማርኛ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ሲያገኙ ወደዚያው ይሄዳሉ።

ያ ልጅ በሩሲያኛ ሲያነብ ንግሥቷ “ፌርዝ” ትባላለች፤ ጳጳሱ ደግሞ “ዝሆን” ነው። አሁን የእኛን ጥንታዊ ጨዋታ፣ ሰንጠረዥን፣ አስታውሱ። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ጠጠር ፈርዝ ነው። የጳጳሱ ቦታ ላይ የሚቆመው ፊል ነው፤ ፊል በዓረብኛ ዝሆን ማለት ነው። ይህ ዝምድና የመጣው ከአንድ ምንጭ ነው። ጨዋታው ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረቦች ሲያልፍ ስሙን ይዞ ሄደ፤ ዓረቦቹ ሸጥረንጅ አሉት፣ እኛ ሰንጠረዥ አልነው። ፈርዝም ከፋርስ የመጣ ሲሆን አማካሪ ማለት ነው። ልጆቻችን “ሰንጠረዥ” ሲባሉ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ ያለውን የቁጥር ሣጥን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ቃሉ የነገሥታትና የመሳፍንት ጨዋታ ስም እንደነበር ንገሯቸው።

ሰንጠረዥ ስለ አጀማመርም የሚነግረን አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። በሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፍጥነታቸው፣ አንዱ የሌላውን እያየ ሠራዊቱን ይደረድራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። በርን ወረራውን ሳይጨርስ ጦርነት የገባ ሰው ነው ብንል አያት ወዲያው ይገባቸዋል። ልጆቹ አንድ ዙር በወረራ ሕግ ቢጫወቱ በሳቅ ይሞታሉ፤ ለምን ጠጠር ቶሎ ማውጣት እንደሚጠቅምም በእጃቸው ይማራሉ።

በላ፣ ተበላ፣ አስበላ

ውጭ ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ ላይ የሚከብዳቸው ግሡ ነው። ቼዝ ደግሞ ግሡን ያስገድዳል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ “በላሁት”፣ “በላብኝ”፣ “ተበላሁ”፣ “ላስበላ ነው”፣ “አስበላኸኝ!” ሁሉም ይመጣሉ። “በላው” እና “በላብኝ” መሐል ያለውን ልዩነት ስንት ጊዜ አስረድተን አልገባ ብሎን ይሆን? ፈረሱ የተበላበት ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

“ብ” የምትለዋም እንዲሁ ናት። “ብበላው ምን ያደርጋል?” “ባልበላውስ?” “ንግሥቷን ባይሰጥ ኖሮ ይሸነፍ ነበር?” ጨዋታ ማጥናት ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም። ጾታም አለ፦ ግንቡ ይሄዳል፣ ንግሥቷ ትሄዳለች። አክብሮትም አለ፤ ልጁ ከአያቱ ጋር ሲጫወት “ተራው የእርስዎ ነው” ማለት ይኖርበታል።

ቤት ውስጥ እንዴት?

በአንድ ምሽት አትጨርሱት። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን በፊደል መሰየምና ጠጠሮቹን መደርደር ይበቃል። ሁለተኛው ቀን እስከ 11ኛው እርምጃ፤ ሦስተኛው ቀን እስከ 23ኛው፤ አራተኛው ቀን እስከ ማቱ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያንቀሳቅሳል። በየቀኑ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ቁሙና “አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?” በሉ። ልጁ በሌላ ቋንቋ ቢመልስ አትቆጡ፤ “ጎሽ፣ ይህን በአማርኛ እንዴት እንበለው?” ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ። ቼዝ የማታውቁ ወላጆችም አትፍሩ። ልጁ አስተማሪ ሲሆን ማስረዳት አለበት፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

አያቶች አገር ቤት ከሆኑ በስልክ ይቻላል። በሁለቱም ቤት አንድ አንድ ሰሌዳ ይቀመጥና በቀን አንድ እርምጃ፦ “አያቴ፣ ፈረስ፣ እሳቱ ሰ፣ አምስት”። “እንዴት ነህ? ደህና ነኝ” ብሎ የሚያልቅ ስልክ የነገ ቀጠሮ ይኖረዋል።

በመጨረሻ፣ ልጆቻችንን ፊሸር እናድርጋቸው አላልንም። ቦቢ በ16 ዓመቱ ትምህርት አቋረጠ፤ በ1972 ሬይኪያቪክ ላይ ቦሪስ ስፓስኪን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1975 ክብሩን ሳይጫወት አጣ፤ የቀረው ዕድሜው ብቸኝነትና ምሬት የበዛበት ነበር። በ2008 አይስላንድ ውስጥ አረፈ። እኛ የምንፈልገው ሻምፒዮን አይደለም፤ “ቆይ ቆይ፣ እንዲህ ባደርግስ?” ብሎ በአማርኛ የሚያስብ ልጅ ነው።

ሙሉ ጨዋታው (ነጭ – ጥቁር)

1. ፈረስ ረ3 – ፈረስ ረ6
2. ወታደር ሐ4 – ወታደር ሰ6
3. ፈረስ ሐ3 – ጳጳስ ሰ7
4. ወታደር መ4 – ካስሊንግ (ንጉሥ ሰ8፣ ግንብ ረ8)
5. ጳጳስ ረ4 – ወታደር መ5
6. ንግሥት ለ3 – ወታደር ሐ4 በላ
7. ንግሥት ሐ4 በላች – ወታደር ሐ6
8. ወታደር ሠ4 – ፈረስ ከለ8 ወደ መ7
9. ግንብ መ1 – ፈረስ ለ6
10. ንግሥት ሐ5 – ጳጳስ ሰ4
11. ጳጳስ ሰ5 – ፈረስ ከለ6 ወደ ሀ4
12. ንግሥት ሀ3 – ፈረስ ሐ3 በላ
13. ወታደር ሐ3 በላ – ፈረስ ሠ4 በላ
14. ጳጳስ ሠ7 በላ – ንግሥት ለ6
15. ጳጳስ ሐ4 – ፈረስ ሐ3 በላ
16. ጳጳስ ሐ5 – ግንብ ከረ8 ወደ ሠ8፣ ቼክ
17. ንጉሥ ረ1 – ጳጳስ ሠ6
18. ጳጳስ ለ6 በላ – ጳጳስ ሐ4 በላ፣ ቼክ
19. ንጉሥ ሰ1 – ፈረስ ሠ2፣ ቼክ
20. ንጉሥ ረ1 – ፈረስ መ4 በላ፣ ቼክ
21. ንጉሥ ሰ1 – ፈረስ ሠ2፣ ቼክ
22. ንጉሥ ረ1 – ፈረስ ሐ3፣ ቼክ
23. ንጉሥ ሰ1 – ወታደር ለ6 በላ
24. ንግሥት ለ4 – ግንብ ሀ4
25. ንግሥት ለ6 በላች – ፈረስ መ1 በላ
26. ወታደር ሸ3 – ግንብ ሀ2 በላ
27. ንጉሥ ሸ2 – ፈረስ ረ2 በላ
28. ግንብ ሠ1 – ግንብ ሠ1 በላ
29. ንግሥት መ8፣ ቼክ – ጳጳስ ረ8
30. ፈረስ ሠ1 በላ – ጳጳስ መ5
31. ፈረስ ረ3 – ፈረስ ሠ4
32. ንግሥት ለ8 – ወታደር ለ5
33. ወታደር ሸ4 – ወታደር ሸ5
34. ፈረስ ሠ5 – ንጉሥ ሰ7
35. ንጉሥ ሰ1 – ጳጳስ ሐ5፣ ቼክ
36. ንጉሥ ረ1 – ፈረስ ሰ3፣ ቼክ
37. ንጉሥ ሠ1 – ጳጳስ ለ4፣ ቼክ
38. ንጉሥ መ1 – ጳጳስ ለ3፣ ቼክ
39. ንጉሥ ሐ1 – ፈረስ ሠ2፣ ቼክ
40. ንጉሥ ለ1 – ፈረስ ሐ3፣ ቼክ
41. ንጉሥ ሐ1 – ግንብ ሐ2፣ ማት

መልካም ጨዋታ!